አርባ ደቂቃ የቆየ ሽሮ

ከሃያ ሁለት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ አንድ የባህል ምግብ ቤት፣ ምሳ ሊደርስ ሲል ባለው ጸጥታ፣ ባለቤቷ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ። ፊታቸው አፉ የታሰረ ፌስታል አለ። ውስጡ ሽሮ፣ ጥብስና የጾም በያይነቱ በየዕቃው ተከድኗል። ሠራተኞቹ "እትዬ" ነው የሚሏቸው። ስማቸውም የቤቱም ስም እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እኔም እንደ ሠራተኞቹ እላቸዋለሁ።

"ስንት ሆነ?"

"ሠላሳ ሁለት" አለች ልጃቸው፣ ከስልኳ ቀና ሳትል።

"ስምንት ይቀረዋል ማለት ነው።"

ወጥ ሠሪዋ በየደቂቃው ከወጥ ቤቱ በር ብቅ እያለች ታይና ትመለሳለች። ገና ከእሳት የወረደ ሥራዋ ማንም ሳይነካው ሲቀዘቅዝ ማየት እንዳስከፋት ያስታውቃል። አርባው ደቂቃ ሲሞላ እትዬ ፌስታሉን ፈቱት። ሽሮው ረግቶ በማንኪያ የሚቆረጥ ሆኗል። ደረቅ ጥብስ ተብሎ የገባው በራሱ እንፋሎት ረጥቦ ቅቅል መስሏል። እንጀራው ደግሞ ከትኩስ ወጥ ሥር ተጣጥፎ ስለቆየ ላብ ጠጥቶ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ አንዱን ከአንዱ ለማላቀቅ ሲሞክሩ ተቀደደ። እትዬ አንድ ጊዜ ጎረሱ፤ ቀስ ብለው አኘኩ፤ ውሃ ጠጡበት።

"ይኼ ነው እንግዲህ ስሜን ይዞ ሰው ቤት የሚገባው" አሉ።

ቤቱ ምግብ በየቤቱ ማድረስ ሊጀምር ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የቤተሰቡ ክርክር ሁሉ ስለ ሞተር ነበር፤ ሞተር እንግዛ፣ አንግዛ፣ ለአንዱ ድርጅት እንስጠው፣ በራሳችን እንያዘው። ስለ ሽሮው ያሰበ ሰው አልነበረም።

ነገሩ ለአገሩ እንግዳ ሆኖ አይደለም። አገልግል የተሠራው ለዚሁ ነው። ከአክርማና ከሰንደዶ ተሰፍቶ፣ ቆዳ ተለብዶ፣ ክዳኑ በጠፍር ተይዞ፣ እንጀራና ዶሮ ወጥ ተሸክሞ ከቀዬ ቀዬ ይሄድ ነበር። ልብ ብሎ ላየው አያቶቻችን የዛሬውን ችግር የፈቱት ይመስላል፤ ሣሩ እንፋሎቱን ይጠጣል፣ ቆዳው ሙቀቱን ይይዛል፣ ቅርጹ ክብ ስለሆነ እንጀራው አይጨማደድም። ፕላስቲክ ዕቃ ከሦስቱ አንዱንም አያደርግም። አገልግል ግን ባዶውን ወደ ባለቤቱ መመለስ አለበት፤ ንግድ ላይ ሲደርስ እዚህ ጋ ይቀራል።

በስልክና በኢንተርኔት ማዘዝም ወደ አዲስ አበባ መጣ። አሜሪካ ተወልዶ ያደገው ፈለግ ፀጋዬ ደሊቨር አዲስን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የሞባይል ኢንተርኔት እንዳሻው የሚጠፋበት፣ ካርድ የሚቀበል ቤት በጣት የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የከተማው አስተዳደር ወንጀልን ምክንያት አድርጎ፣ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ሲያግድ ሥራው ተናጋ። ግንቦት 2013 ላይ ደግሞ ቴሌብር መጣ፤ የ"ዝርዝር የለኝም" ጭቅጭቅ በአብዛኛው ያኔ ተቃለለ። በምትኩ ሌላ መጣ። ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ "መልእክቱ አልገባም" ይላል፤ ደንበኛው ስክሪንሾት ያሳያል። በእትዬ ቤት የተቆረጠው ደንብ አጭር ነው፤ ገንዘቡ መግባቱን የምታረጋግጠው ካሸሯ በራሷ ስልክ ነው፤ በሰው ስልክ ላይ የሚታይ ሥዕል ደረሰኝ አይደለም።

ወደ ሽሮው ልመለስ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ እዚህ ከተማ ወጥ ከድስት ሲወርድ ጀምሮ ከቆላው ወጥ ሙቀቱ ያነሰ ነው፤ መንገድ ላይ የሚያጣውም ከዚያ ላይ ተቀንሶ ነው። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ በታችና ከ5 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም ይላሉ የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች፤ ጀርም የሚራባው በዚያ መሐል ነው። ለአጭር መንገድ ይህ ብዙ አያሰጋም። የሚያሰጋው ጣዕሙ ነው። ሽሮ ዱቄት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ይዞ ይጠጥራል። ስለዚህ አዳራሽ ለሚበላው ልክ የሆነው ሽሮ ለመንገደኛው ወፍራም ነው። ወጥ ሠሪዋ ይህን ስትሰማ "ቀጭን ሽሮ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም" ብላ ነበር። ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን ለብቻው በትንሽ ድስት አንድ ጭልፋ ውሃ ጨምራ ሠራችና ለእትዬ ሳትነግር አርባ ደቂቃ አስቀምጣ ቀመሰችው። ከዚያ ወዲህ "የመንገድ ሽሮ" የሚባል ነገር በወጥ ቤቱ አለ።

ሌላውም በዚሁ መንገድ አንድ በአንድ ተፈተነ። ተጋቢኖ ከዝርዝሩ ወጣ፤ በሸክላው እየፈላ ካልቀረበ ምኑ ተጋቢኖ ነው። ጥሬ ክትፎም ወጣ፤ ቅቤው መንገድ ላይ መርጋቱ ሳያንስ ጥሬ ሥጋ ከትኩስ ዕቃ ጋር በአንድ ሣጥን መሄዱን እትዬ አልወደዱትም። "ሰው ቢያምብኝ ምን ብዬ ነው የማስረዳው?" አሉ። ልጃቸው ክትፎ የቤቱ ዋና ገበያ መሆኑን እያነሳች ተከራከረች፤ አልተሳካላትም። እኔን ቢጠይቁኝ ልክ እሳቸው ናቸው። ለጥብሱ ክዳኑ የተበሳ የወረቀት ዕቃ ተገኘለት። እንጀራው መጀመሪያ ተዘርግቶ ይበርዳል፣ ከዚያ ተጠቅልሎ በወረቀት ለብቻው ይሄዳል፤ ወጥና እንጀራ የሚገናኙት የደንበኛው ማዕድ ላይ ነው። ፍርፍር ብቻ ምንም ሳይደረግለት ፈተናውን አለፈ። እንዲያውም ቆይቶ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ።

ብዙ ያስቸገረው በያይነቱ ነው። ውበቱ በአንድ እንጀራ ላይ ቀይና ቢጫ፣ አረንጓዴና ነጭ ሆኖ መዘርጋቱ ነው። ሞተር ላይ ሲወጣ ግን ምስሩ ወደ ጎመኑ፣ ሽሮው ወደ ድንቹ ይፈሳል፤ ሲከፈት ሁሉም አንድ መልክ ይዞ ይጠብቃል። ሁሉን ለየብቻ በትናንሽ ዕቃ ማድረግ ደግሞ ከምግቡ ይልቅ ማሸጊያው እንዲወደድ ያደርጋል። መጨረሻ የተገኘው መላ ይህ ነው። ደረቅ ደረቁ፣ ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ፎሶሊያው፣ ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ በተነጠፈ እንጀራ ላይ ይደረደራል፤ የሚፈሱት ሁለቱ ብቻ ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ መሐል ላይ ይቀመጣሉ። ደንበኛው ራሱ ያፈሳቸዋል። የሰፈሩ ልጆች ማፍሰሱን ወደውት በቪዲዮ ይቀርጹታል አሉ።

ያ የመጀመሪያው ፌስታልም ቀረ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ቤቱ ወደ ወረቀት ከረጢት ዞሯል። ወረቀት በበጋ መልካም ነው። ሐምሌ ላይ ሥሩ ይረጥብና ይቦደሳል። ሞተረኛው የሚሸከመው ሣጥን ውስጥ ያለው ስፖንጅ ሳይቀር የሚደርቅበት ቀን ጠፍቶ እንደነበር የነገረኝ ራሱ ነው።

ሥራው ተጀምሮ አንድ ወር ሲሆነው ተመልሼ ሄድኩ። ማክሰኞ ነው፤ ጾም የለም። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሰዓት ያዝኩ። ይህን ያደረግኩት ሰው ሁሉ የመዘግየቱን ችግር መንገዱ ላይ ሲያላክክ ስለሰማሁ ነው። አንዱን ትእዛዝ ልንገራችሁ። ቦኖው፣ የትእዛዙ ወረቀት፣ ገባ፤ ምግቡ በ12 ደቂቃ ደረሰ፤ ሞተረኛው ከቤቱ ወጥቶ ደንበኛው በር እስኪደርስ 14 ደቂቃ ፈጀበት። በሁለቱ መሐል ምግቡ ባንኮኒ ላይ የተቀመጠው 17 ደቂቃ ነው። ከመብሰያውም ከመንገዱም የረዘመው ማንም ያልነካው ጊዜ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ መቆም አላስፈለገኝም። ወጥ ቤቱ ቦኖ እንደደረሰው ያበስላል፤ ሞተረኛው ግን ያኔ ገና ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሌላ ሰው በር ላይ ቆሟል። አስተናጋጆቹ ደግሞ ጉርሻ የሚሰጣቸው አዳራሽ ያለው እንግዳ ነው፤ ባንኮኒ ላይ ያለውን ከረጢት የሚያይበት ምክንያት ያለው ሰው የለም። ከረጢቱ የማንም አይደለም። ለእትዬ ስነግራቸው ዝም አሉ። በነጋታው ከአስተናጋጆቹ አንዷን፣ ረጋ ያለችውንና ጽሕፈቷ የሚነበበውን፣ ከአዳራሽ አንስተው በጓሮ በር አጠገብ ጠረጴዛ ሰጧት። ሥራዋ ማስረከብ ብቻ ሆነ። ሞተረኛው ሊደርስ ስንት እንደቀረው ደውላ ትጠይቃለች፤ ወጥ ቤቱ እሳት የሚያነደው እሷ "በሉ" ስትል ነው። ከረጢቱ ከመታሸጉ በፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ "ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንጀራ አራት፣ ሚጥሚጣ።" ሚጥሚጣው መጨረሻ ላይ ያለ ምክንያት አልመጣም። አብዛኛው የቅሬታ ስልክ "ሚጥሚጣ የለውም" የሚል ነበር። አንድ ቁንጥር ሚጥሚጣ ረስቶ የሙሉ ምሳ ምስጋና ማጣት ይቻላል። ጉርሻዋን በማጣቷ ደመወዟ ላይ ተጨምሮላታል፤ ይህን ያልጨመረ ቤት ያንኑ ከረጢት እንደገና ባንኮኒ ላይ ያገኘዋል።

ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በቀር ሁለቱ ቀናት ጾም ናቸው፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ነቢያት፣ ሐዋርያትና ፍልሰታ ሲደመሩ አንድ የኦርቶዶክስ ምእመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ይጾማል። አዳራሽ ውስጥ ጿሚው ወጥ ቤቱን በዓይኑ ያየዋል፣ አስተናጋጇን "በዘይት ነው አይደል የኔ እህት?" ብሎ ይጠይቃታል። ቤቱ ያለው ሰው ግን የሚያምነው ክዳኑን ብቻ ነው። አንድ ዓርብ ቅቤ የገባበት ሽሮ የጾም ነው ተብሎ ሄደ። የደወሉት አንዲት እናት ናቸው። አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። "ልጄ፣ ይኼ ቅቤ ነው" ብቻ ብለው ስልኩን ዘጉት። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ ከዚያ ስልክ ስድብ ይሻለኝ ነበር አሉ። ዛሬ የጾሙ ድስት፣ ጭልፋና መክደኛ ሁሉ ለየብቻው ነው፤ የጾሙ ከረጢት አረንጓዴ ክር ይታሰርበታል፤ አረንጓዴ ክር የምታስር አስረካቢዋ ብቻ ናት።

ጾም ሰዓቱንም ያዛውራል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆየው ሰው ብዙ ስለሆነ ስድስት ሰዓት ላይ ሞተረኛው ቁጭ ይላል፣ ዘጠኝ ላይ ይጣደፋል። በረመዳን ደግሞ የአፍጥር ትእዛዝ ሁሉ ፀሐይ ልትጠልቅ ሲል በአንድ ላይ ይወርዳል፤ ማንም አሥር ደቂቃ ሊታገሥ የማይችልበት ሰዓት ያ ነው። አንድ ሞተረኛ አምስት በር በአንዴ ማንኳኳት አይችልም።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፤ እኛ ምሳ የምንበላው በሰባት ሰዓት ነው፤ ስልካችን ያኔ 1:00 ይላል። ደንበኛው መተግበሪያው ላይ "7:00" ብሎ ሲሞላ ሰባት ሰዓት ማለቱ ነው። ማሽኑ ደግሞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው ብሎ ይቀበለዋል። የስምንት ሰው ምሳ ለቢሮ ስብሰባ ታዝዞ በጨለማ፣ በተዘጋ በር ላይ ደርሷል። አሁን የእትዬ ልጅ ሰዓት ያለው ትእዛዝ ሁሉ ላይ ደውላ "የቀን ሰባት ሰዓት ነው አይደል?" ትላለች። ቴክኖሎጂው የተሠራበት አገር ቀን የሚጀምረው በሌሊት ነው፤ እኛ ዘንድ በጠዋት።

ገንዘቡን በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። 500 ብር የሚሸጥ ምግብ 200 ብር ግብአት ይፈጃል እንበል። አዳራሽ ሲበላ 300 ብር ይቀራል፤ ከዚያ ላይ ኪራይ፣ ደመወዝና ከሰል ይወጣል። እንግዳው ደግሞ ሁለት ለስላሳ ወይም ቢራ ይጠጣል፤ የምግብ ቤት ትርፍ ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ነው። ያው ምግብ ወደ ቤት ሲሄድ 30 ብር ማሸጊያ ይጨመርበታል፤ አድራሹ ድርጅት 20 በመቶ ቢወስድ 100 ብር ሌላ ይሄዳል። የሚቀረው 170 ነው። ቢራውን ደንበኛው ከፍሪጁ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኒው ዮርክ ከተማ አድራሽ ድርጅቶች ለማድረስ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይቆርጡ የከለከለችው ምግብ ቤቶቿ በዚሁ ስሌት ስላለቀሱ ነው።

በራስ ሞተር መሥራትስ? ሞተረኛው ከነዳጅና ከጥገና ጋር በወር 15,000 ብር ቢያስወጣና በቀን አሥር ቢያደርስ፣ በ26 የሥራ ቀን አንዱ ጉዞ 58 ብር ገደማ ይወድቃል። በቀን አራት ብቻ ቢያደርስ 144 ብር ይሆናል። አሥር ማድረስ ቀላል ይመስላል። የምሳ ግርግር ግን ሁለት ሰዓት ነው፤ አንዱ ደርሶ መልስ 35 ደቂቃ ከፈጀ ሦስት ይሆናል፣ አራተኛው ይዘገያል። ቀሪውን ቀን ሞተረኛው ኳስ ያያል። ስለዚህ እትዬ ሁለቱንም ያዙ። በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ የማያልፈው ሰፈር በራሳቸው ሰው፣ የራቀው በድርጅት። ወሰኑን ሲያወጡ በኪሎ ሜትር አልነበረም። ቀለበት መንገዱ ማዶ ያለ ቤት በዓይን ይታያል፤ ለመሻገር ግን እስከ ማዞሪያው ሄዶ መመለስ አለ። ልጃቸው ካርታ ላይ ክብ ስላ አመጣች፤ ሞተረኛው አይቶ ሳቀና በእስክሪብቶ ቆርጦ ቆርጦ የተበላ ዳቦ አስመሰለው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሞተሩም ከመተግበሪያውም ይልቅ የማከብረው ዕቃ የእትዬ ደብተር ነው። ባለ መስመር፣ ጠርዙ በዘይት የወዛ። በድርጅቱ በኩል የሚመጣው ደንበኛ ማን እንደሆነ ቤቱ አያውቅም፤ ስሙም ስልኩም የድርጅቱ ነው። በቀጥታ የደወለው ግን ደብተሩ ላይ አለ። ስልክ ቁጥር፣ ከጎኑ አቅጣጫ። "ግራጫ በር፣ ውሻ አለ።" "ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱን አትመኑ።" "ጥበቃው አያስገባም፣ ወርደው ይቀበላሉ።" "አይብ አትርሱ።" ሞተረኛው ከመንገዱ ይልቅ የሚያቃጥለው የመጨረሻው ሃምሳ ሜትር ነው ይላል፤ ከጥበቃ ጋር መከራከር፣ የማይነሳ ስልክ፣ ሁለት የሚመሳሰሉ ብሎኮች። የቤት ቁጥር በወረዳ መዝገብ ላይ ቢኖርም በቁጥር አቅጣጫ የሚሰጥ ሰው የለም። ሃያ ሁለት ራሱ ስሙን ያገኘው ከአውቶቡስ ቁጥር ነው፤ ካዛንቺስ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች ስም። ሕዝቡ ሰፈሩን የሚጠራው ባየው ነገር ነው።

ያየው ነገር ደግሞ ፈርሷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ፣ በኮሪደር ልማቱ መልካቸው ሲለወጥ ደብተሩ ውስጥ ያሉት ሱቆች፣ ግሮሰሪዎችና ኪዮስኮች አብረው ሄዱ። አንዳንዱ ደንበኛም ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ፤ እትዬ ስልኩን አልሰረዙትም፤ ከጎኑ "ሩቅ" ብለው ጽፈዋል። አንድ ሁለቱ አሁንም እየደወሉ ይጠይቃሉ፤ መልሱ እንደማይሆን እያወቁ።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩ ቀን መሽቶ ነበር። አንድ በያይነቱና አንድ ፍርፍር ቀርቷል። ሞተረኛው ሄልሜቱን እንዳደረገ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ጓሮ በሩ ላይ ይነጋገራል።

"ማዘር፣ ከዋናው መንገድ ገባሁ እንበል። ከዚያስ?"

"ከዚያማ የኔ ልጅ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ወደ ግራ።"

"ዳቦ ቤቱ ፈርሷል እኮ።"

"አውቃለሁ። በነበረበት ጋ ወደ ግራ።"

አስረካቢዋ አረንጓዴውን ክር አሰረች። እትዬ ደብተሩን ገልጠው "ዳቦ ቤት" የሚለውን ሳይሰርዙ ከጎኑ "የነበረ" ብለው ጨመሩና ሚጥሚጣው መግባቱን ጠየቁ።